አሥራ ሁለት ቀይ እንጨቶች በራይኸንባኽ

ጁን 9፣ 1894፣ ቅዳሜ

ዛሬ አሥራ አንድ እንግሊዞች መጡ። አራቱ ጥቁር ለብሰዋል። አንዷ ወተቴን እየጠጣች እንባዋ ጠብ ጠብ አለ። ይዟቸው የመጣውን አስተርጓሚ "ማን ሞቶባት ነው?" ብዬ ስጠይቀው ሳቁን አፍኖ "መጽሔት ላይ ያለ ሰው" አለኝ። መርማሪ ነው አሉ፤ ነፍሰ ገዳይ እያደነ የሚይዝ። ባለፈው ክረምት በወጣው ታሪክ ላይ ከጠላቱ ጋር ተናንቆ እዚህ፣ የእኛ ራይኸንባኽ ፏፏቴ ውስጥ ገባ። በሕይወት ኖሮ የማያውቅ ሰው!

ለሴትዮዋ ወተት ጨመርኩላት። ሌላ ምን ይደረጋል?

ውሃው ሙሉ ነው። በረዶው እየቀለጠ ስለሆነ ከገደሉ አናት ሲወረወር አመድማ ነው እንጂ ነጭ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የደረደርኳቸው ሳህኖች ይንቀጠቀጣሉ። ሠላሳ ዓመት አየሁት፤ ዛሬም ቀና ስል አፌ ይከፈታል።

ጁን 12፣ ማክሰኞ

ዝናብ ነው፤ ሰው የለም። ይህን ደብተር ያመጣችልኝ ልጄ ዶርሊ ናት፤ "እማዬ፣ ብቻሽን ከምታወሪ ጻፊው" ብላ። ብቻዬን አላወራም። ውሃው ሲጮህ የራሴን ድምፅ ለመስማት ነው።

ዳሴ ከፏፏቴው ግርጌ ናት። ወተት፣ የእንጆሪ ሽሮፕ፣ አይብና ዳቦ እሸጣለሁ። ከእኔ በላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጠርዙ ይወጣል። እንግሊዞቹ ሁሉ የሚሄዱት እዚያ ነው፤ የእነሱ ሰው ወደቀ ወደተባለበት። እኔ አልወጣም። ጉልበቴን ያመኛል።

ዶርሊ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አናጢው ካስፓር የዛሬ ሦስት ዓመት መንደሩ በነፋስ በተነዳ እሳት ሲቃጠል ቤት ሊሠራ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ደግ ልጅ ነው፤ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ አይጠፋም። በመከር ሊጋቡ ይፈልጋሉ። የመዝገብ ሹሙ ግን፣ "ሃያ ስላልሞላት ወይ አባቷ መጥቶ ይፍቀድ፣ ወይ እናቷ መጥታ የአባቷን ሞት ታስመዝግብ" ብሏል። አንድ ቃል ብቻ ነው የጠየቀው።

ባሌ ሜልኺዮር ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መንገደኛ የሚይዘውን የጠርዙን ሰንሰለት ሊጠግን ብቻውን ወጣ። ባርኔጣው መንገዱ ላይ ተገኘ። ወንድሙ ባልዝ ከሌሎቹ የተራራ መንገድ መሪዎች ጋር ወር ሙሉ ፈለገው፤ "ድስቱ" ከምንለው፣ ውሃው ከሚወድቅበት ጉድጓድ ጀምሮ በአሬ ወንዝ ቁልቁል እስከ ብሪንዝ ሐይቅ ድረስ። ምንም።

ሰው ሳይገኝ ሞተ ብሎ መፈረም ቀላል አይደለም። ለዶርሊ "በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ" አልኳት። "እሺ" አለችኝና ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ጁን 24፣ እሑድ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀስተ ደመናው ወጣ። አንድ ወፍራም ጀርመናዊ ባርኔጣውን አውልቆ እስኪጠፋ ድረስ ቆመ። ወተት አልገዛም። አልተቀየምኩትም።

ጁላይ 3፣ ማክሰኞ

ሁለት ዓመት ሆነው። ወተቱ ዛሬ ቶሎ አለቀ።

ጁላይ 10፣ ማክሰኞ

አዲስ እንግሊዝ መጥቷል። ሚስተር ኦክሾት ይባላል፤ በጉልምስናው ድልድይ ሲሠራ የኖረ ሽማግሌ ነው። ቋንቋችንን ከመጽሐፍ ስለተማረው ሲናገር ሰባኪ ይመስላል። ባርኔጣውን አንሥቶ፣

"ወይዘሮ ሆይ፣ ያ መርማሪ አለመሞቱን ላረጋግጥ ከለንደን መጥቻለሁ" አለኝ።

"መቼ ኖረና?"

"እርሱ ሌላ ጥያቄ ነው" አለ በትሕትና።

ባልዝ ገመዱን እየጠቀለለ አጠገቤ ተቀምጧል። "አንቺ ሳሎሜ፣ ይሄ ሰውዬ ፀሐይ መቶት ነው ወይስ ሲፈጠርም እንዲህ ነው?" አለኝ። ሽማግሌው የእኛን የሐስሊ ሸለቆ አነጋገር ስለማይሰማ ፈገግ ብሎ እጅ ነሣው።

ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። ታሪኩ ላይ ሬሳ አልተገኘም። ባርኔጣ የለ፣ ጫማ የለ፣ ምንም የለ። "ሬሳ ካልተገኘ፣ ወይዘሮ ሆይ፣ ሞት ተብሎ አይጻፍም። ይህ ውሃ የወሰደውን የሚያወጣ ከሆነ፣ ሰውዬውም ውስጡ ቢሆን ኖሮ በወጣ ነበር።"

የወተቱ ማሰሮ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። እጄ እርጥብ ነበር።

ጁላይ 14፣ ቅዳሜ

ካስፓር ለሽማግሌው አሥራ ሁለት እንጨት ቆረጠለት። እያንዳንዱ የክንድ ርዝመት አለው። ቀይ ቀለም ቀብተው ቁጥር ጻፉባቸው። ሰኞ ከጠርዙ ወደ ድስቱ ሊጥሏቸው ነው። አሬ ድልድይ ላይ ባልዝ ቆሞ የሚወጣውን ይቆጥራል። ባልዝ "በስተርጅናዬ የእንጨት እረኛ ሆንኩ" እያለ ይስቃል።

ዶርሊ ታሪኩን በጀርመንኛ እየቆራረጠ ካነበበላት ከሽማግሌው ሰምታ ነገረችኝ። ጥሩ ታሪክ ነው። የውሃው ነገር እውነት ነው፤ የጻፈው ሰው እዚያ ቆሞ አይቶታል። ጓደኛውን ጠርዙ ላይ የሚያስቆምበት ጋ ግን አላስጨረስኳትም። ጓደኛው ይጣራል፤ የሚመለስለት የራሱ ድምፅ ብቻ ነው።

ጁላይ 16፣ ሰኞ

ጣሏቸው። እስከ ማታ ሦስት ወጡ።

ጁላይ 17

ሰባት።

ጁላይ 19፣ ሐሙስ

ዘጠኝ። ስምንተኛው ቁጥር ለሁለት ተሰንጥቆ ወጣ። እኔም ዛሬ ድልድዩ ጋ ሄድኩ፤ መንገዴ ስለነበረ ነው። እያንዳንዱ ቀይ ነገር ብቅ ባለ ቁጥር በድልድዩ መደገፊያ ላይ አጎነብሳለሁ። አንዱ የሰው ጨርቅ ሆኖ ተገኘ፤ ካጣቢዎች ያመለጠ።

ዘጠኝ ከወጣ ሦስቱ ቀርተዋል። ሦስቱ ከቀሩ ውሃው የሚያስቀረው አለ ማለት ነው። የቱን እንደምመኝ አላውቅም።

ጁላይ 26

አሥራ አንድ።

ኦገስት 2፣ ሐሙስ

አሥራ ሁለተኛው ወጣ። ሽማግሌው ከድልድዩ እስከ ዳሴ ድረስ እየሮጠ መጣ፤ በዚያ ዕድሜው። "ሁሉም! ሁሉም ወጡ፣ ወይዘሮ ሆይ! ውሃው አንድም አያስቀርም! ሰውዬው በሕይወት አለ!" ብሎ እጄን ሳመኝ። ከጎኑ ያሉት እንግሊዞች አጨበጨቡ። አንዷ ጥቁር መጎናጸፊያዋን አውልቃ ክንዷ ላይ ጣለችው።

እኔም ደስ ብሎኛል። ሽሮፕ በነፃ ቀዳሁላቸው።

ኦገስት 5፣ እሑድ

ዶርሊ ምሳ ስናቀርብ "እማዬ፣ ሦስተኛው ሳህን ለማነው?" አለችኝ። "ለካስፓር ነዋ" አልኳት። "ካስፓር ብሪንዝ ሄዷል። ትናንት ራስሽ ነሽ ስንቅ የቋጠርሽለት።" ረስቼው ነው አልኳት።

ኦገስት 8፣ ረቡዕ

ዝናብ። አስባለሁ።

ውሃው የማያስቀር ከሆነ ሜልኺዮር ውስጡ የለም። ውስጡ ከሌለ አንድ ቦታ አለ። ባርኔጣውን ጠርዙ ላይ ጥሎ በላይ በኩል በግጦሹ አልፎ፣ የተራራውን ማለፊያ ተሻግሮ፣ ጣልያን አገር ድንጋይ እየፈለጠ ሊሆን ይችላል። ጠንካራ ሰው ነበር። ነው።

ግን ለምን ይሄዳል? አንድ ሰው ያን ያህል ክፉ ነገር ካልሰማ በቀር ቤቱን አይጥልም። እኔ ምን አልኩት? ምንም። የማንኛዋም ሚስት የምትለውን ነው። ይህን ገጽ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ኦገስት 14፣ ማክሰኞ

ከጣልያን የመጡ ግንበኞች በዳሱ አለፉ። ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ሲራመድ ትንሽ የሚያነክስ ሰው አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አንዱ "የስንት ዓመት ሰው?" ሲለኝ ዶርሊ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

እስኪሄዱ ጠበቀችኝ። ከዚያ፣

"አባቴን ኮብላይ ልታደርጊው ነው?" አለች።

"እንጨቶቹ ሁሉ ወጥተዋል፣ ልጄ።"

"እንጨት! አባቴ እንጨት ነው? እሱ እኛን ጥሎ የሚሄድ ሰው ነበር? ንገሪኝ፣ ነበር?"

"እኔ እንጃ።"

"እኔ ግን አውቃለሁ። ከሸሸን ሞቶልን ይሻለኛል!" አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ሁለታችንም አለቀስን፤ ግን በየፊናችን። እሷ ጓሮ፣ እኔ ከወተት በርሜሉ ኋላ።

ኦገስት 15

ባልዝ ሁሉንም ከዶርሊ ሰምቶ መጣ። ቁጣው የሜልኺዮርን ይመስላል።

"አንቺ ሴትዮ፣ እንጨት ይንሳፈፋል! ወንድሜ በሚስማር የተመታ የተራራ ጫማ አድርጎ ነበር። ትከሻው ላይ ሰንሰለት፣ ወገቡ ላይ መዶሻ። ይሄ እንዴት ጠፋሽ?"

"ጋሼ፣ አንተስ ለምን አላገኘኸውም?"

እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ፊቱ ተለወጠ። ተነሥቶ ሄደ። የማይገባ ቃል ከአፌ የሚወጣው ሁልጊዜ ለምወዳቸው ነው።

ኦገስት 16፣ ሐሙስ

ሚስተር ኦክሾት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ዳሱ ውጭ ቆመ። ባልዝ ነግሮታል። ሽማግሌው ፊቱ ቀልቷል።

"ወይዘሮ ሆይ፣ እኔ በተጻፈ ሰው ስጫወት እርስዎ... አላወቅሁም። ከነገ ጀምሮ ትቼው እሄዳለሁ።"

"አይሂዱ" አልኩት። ቃሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም። "ይጨርሱት። የሰው ያህል የሚከብድ ይጣሉበት።"

ከዚያ ከኪሱ ማስታወሻ አውጥቶ፣ እንደ ሐኪም በለሆሳስ፣ "ቁመታቸው ምን ያህል ነበር?" አለኝ። ነገርኩት። ቁመቱን፣ የሰውነቱን ክብደት፣ የጫማውን፣ የመዶሻውን። ሁሉንም አውቀዋለሁ። ከአልጋችን ሥር ያለውን ሁለተኛ ጫማውንም ሰጠሁት።

ሴፕቴምበር 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ ወደ ጠርዙ ወጣሁ። ይህን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሦስት ሳምንት ያህል የቆየነው ካስፓር ሸራውን እስኪሰፋ ነው። አሸዋና ግንድ ሞልቶበት የሰው ቅርጽ ያዘ፤ ጫማው ታሰረበት፤ ትከሻው ላይ ሰንሰለት ተደረገ። አራት ሰው ተሸከመው። ባልዝ ከፊት ሄደ፤ ወደ እኔ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋልኝ፣ ያዝኩት። በሌላ በኩል ዶርሊ ነበረች። ጉልበቴን አላመመኝም።

እዚያ ውሃው በጆሮ አይሰማም፤ በደረት ነው። ከታች ስናየው የሚወርድ ነገር ነው፣ ሠላሳ ዓመት የሚወርድ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ፊት ለፊቱ ሲቆሙ ግን እሱ ቆሟል። ዓይኔን አንድ ነጭ የውሃ መስመር ላይ ተክዬ ልከተለው ስል፣ ገደሉ ከነእኛ ሽቅብ መሄድ ጀመረ፤ ባልዝ በመቀነቴ ያዘኝ። የራሱ ነፋስ አለው። ቀሚሴን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ወደ ራሱ ይስበዋል። ድንጋዩ ጥቁር ነው፤ ከላዩ ላይ የሚፈሰው ብርሃን ይመስላል። ከእግሬ በታች ቀስተ ደመናው ግማሽ አልነበረም፤ ሙሉ ክብ ነበር፣ የእኛ ጥላ መሐሉ ላይ። እንዲህ ያለ ነገር ከቤቴ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ኖሮ እኔ ከታች ወተት ስቀዳ!

ሰው ቢናገርም አይሰማ። ሚስተር ኦክሾት ባርኔጣውን አውልቆ ነጭ ፀጉሩ ረጥቦ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። ሽማግሌው አለቀሰ ወይስ ውሃው ነው፣ እዚያ መለየት አይቻልም። ማንም ሰው ስለ ምን እንደሚያለቅስ አይታወቅም። እነዚያ ጥቁር የለበሱትም ምናልባት ይህን አይተው ነው።

ሜልኺዮር እሑድ እሑድ ለምን እዚህ ይመጣ እንደነበር አልገባኝም ነበር። ሰንሰለቱ እንደሆነ ይነግረኝ ነበር። ሰንሰለት በየሳምንቱ አይበጠስም።

ለቀቁት። ወደቀ። ድስቱ ውስጥ አንዴ ዞረ፤ ጫማዎቹን አየኋቸው። ከዚያ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ ከዓለቱ ሥር ገባ፤ አንድ ሰው ከሄደበት ወደ ቤቱ እንደሚገባ። ተመልሶ ብቅ አላለም።

ሴፕቴምበር 7

ምንም።

ሴፕቴምበር 12

ምንም። ባልዝ ራሱ ነው ድልድዩ ላይ የሚቆመው። ምሳ ወሰድኩለት። "ያን ቀን ያልኩህን..." ብዬ ስጀምር "አይቡ ጨው አንሶታል" አለኝ። ታርቀናል።

ሴፕቴምበር 15፣ ቅዳሜ

ውሃው እየቀነሰ ነው። ሌሎቹ እንግሊዞች እየሄዱ ነው። ሚስተር ኦክሾት ግን የመሄጃው ቀን አልፎም አልሄደም።

ሴፕቴምበር 22፣ ቅዳሜ

አሥራ ስምንት ቀን። ሽማግሌው ዛሬ መጥቶ ተቀመጠ፤ ወትሮ ቆሞ ነበር የሚጠጣው።

"ወይዘሮ ሆይ፣ አልወጣም። ባልዝም፣ እኔም፣ በብሪንዝ ያሉት ዓሣ አጥማጆችም አላየነውም። ከዓለቱ ሥር ዋሻ አለ፤ ከባድ ነገር እዚያ ይገባና ይቀራል። ባለቤትዎ የትም አልሄዱም።"

ሽማግሌው ይህን ለማንም ሳይነግር ቢሄድ ኖሮ እንጨቶቹ ይበቁት ነበር። ሰውዬው አልሞተም የሚለው ጽሑፉ አልቆ ነበር፤ ለለንደን ጓደኞቹ ሊያነብላቸው። ይህን ያወቅሁት ወረቀቶቹን ከፊቴ ለሁለት ሲቀድዳቸው ነው።

"እንግዲህ የእኔም ሰው..." አለና መጨረስ አቃተው። ሰባ ዓመት የሆነው ሰው፣ ለመጽሔት ሰው መሐረብ አወጣ። አልሳቅኩበትም።

"እርስዎ አይዘኑ" አልኩት። "የእርስዎ ሰው የወረቀት ነው። የጻፈው ሰው አንድ ቀን ደስ ካለው ጎትቶ ያወጣዋል። የእኔን የጻፈው ሰው የለም።"

አየኝ። ከዚያ ከውሃው ድምፅ በላይ እስኪሰማ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ።

ሴፕቴምበር 23፣ እሑድ

ለዶርሊ ነገርኳት። ድንች እየላጥን ነበር።

"ያን ቀን እሑድ ነበር" አልኳት። "ጫማውን ሲያስር አየሁትና ተናደድኩ። 'ከእኔ ይልቅ ውሃውን ካገባህ እዚያው ቅር!' አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ ይሄ ነው። እዚያው ቅር። ቀረ።"

ቢላዋዋን አላቆመችም።

"ሰምቼሻለሁ፣ እማዬ።"

"ምን?"

"ላይ ቤት ነበርኩ። እናንተ ስትጣሉ መንደሩ ሁሉ ይሰማል።" ልጣጩን ጣለች። "ዳቦውን ረስቶት ስለነበር እየሮጥኩ በሩ ጋ ሰጠሁት። እየሳቀ ነበር። 'እናትሽ እውነቷን ነው፣ ዛሬ መቅረት ነበረብኝ' አለኝ። 'ለምሳ እመለሳለሁ፤ ድንቹን እንዳታበርዱብኝ' አለኝ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳልሰማሁ ብሆን የምትፈልጊ መሰለኝ።"

ድንቹ ማሰሮው ውስጥ ሲፈላ ማናችንም አልተነሣንም።

ሴፕቴምበር 24፣ ሰኞ

ሁለታችን አብረን ወደ መዝገብ ሹሙ ሄድን። ወጣት ሰው ነው፤ ብዕሩን ነክሮ ጠበቀኝ።

"ስም?"

"ሜልኺዮር ኬርሊ። የተራራ መንገድ መሪ።"

"የሞተበት ቦታ?"

"ራይኸንባኽ። ከጠርዙ ሥር።"

"ቀን?"

"ጁላይ 3፣ 1892።"

"ሰዓት?" አለና፣ ደንብ ስለሆነ እንደሚጠይቅ ሊያስረዳኝ ሲጀምር፣

"ከምሳ በፊት" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ወይዘሮ ኬርሊ፣ ያየ ሰው የለም እኮ። ይህን ያህል እርግጠኛ ነዎት?"

"ነኝ" አልኩት። "ቢኖር ለምሳ ይመለስ ነበር።"

ጻፈው።